ብሩሽ ማጠብና መታጠቡን ማስረዳት

ጥያቄ፦ «የሜካፕ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራውን ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ወር በአንድ ማለዳ ለአምስት የአንድ ቤተሰብ ሴቶች ሜካፕ ሠራሁ። ከአራት ቀን በኋላ በመጨረሻ የሠራኋት ደንበኛ ዓይኗ ቀልቶና አብጦ ሐኪም ዘንድ መሄዷን ጽፋ ላከችልኝ። አሁን ደግሞ የሕክምና ወጪዋንና ከሥራ በመቅረቷ ያጣችውን ገቢ ካልከፈልኩ እንደምትከሰኝ ትናገራለች። ብሩሾቼን ሁልጊዜ አጥባለሁ። ሥራውን ከመጀመሬ በፊትም ለሚደርስ ችግር ተጠያቂ እንደማልሆን የሚገልጽ ወረቀት አስፈርሜአታለሁ። ካስፈለገ የጽዳት መዝገብ አዘጋጅቼ ማቅረብ እችላለሁ። በእርግጥ ልትከሰኝ ትችላለች? ምን ብዬስ ልመልስላት?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ አዎ፣ ደንበኛዎ ክስ ልትመሠርት ትችላለች። የሕጉ ዝርዝር እንደየአገሩ ቢለያይም ካሳ የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው ሦስት ነገሮችን ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ እነሱም ባለሙያው ከሙያው የሚጠበቀውን ጥንቃቄ አለማድረጉ፣ ጉዳት መድረሱ፣ ጉዳቱም የመጣው ከዚያው የጥንቃቄ ጉድለት መሆኑ ናቸው። ያስፈረሙት ወረቀት እንዳሰቡት አይከላከልልዎትም፤ በብዙ የሕግ ሥርዓቶች አንድ ሰው በራሱ ቸልተኝነት በሌላው አካል ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ በፊርማ ነፃ መውጣት አይችልም፤ ቢፈቀድለት እንኳ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ወረቀት በጠባቡ ይተረጉሙታል። ሆኖም አይጣሉት፤ ስለ አለርጂ ጠይቀዋት መልሷን በላዩ አስፍረው ከሆነ ያ ክፍል ብቻውን ሊጠቅምዎት ይችላል። የሙያ ኃላፊነት መድን ካለዎትም ለመድን ሰጪው ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ዘግይቶ ማሳወቅ ሽፋኑን ሊያሳጣዎት ይችላልና።

አሁን ወዳልነገሩን ነገር ልለፍ። «ብሩሾቼን ሁልጊዜ አጥባለሁ» ብለዋል፤ መቼ እንደሚያጥቡ ግን አልጻፉም። ማታ ቤት ገብቶ ማጠብና በአንዷ ደንበኛና በሚቀጥለዋ መካከል ማጽዳት ለዚህ ጉዳይ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። በሳሙናና በውኃ የታጠበ ብሩሽ፣ በተለይ ፀጉሩ የበዛው የፓውደር ብሩሽ፣ እስኪደርቅ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ አብዛኛውን ጊዜም ማደር አለበት። እንግዲህ በአንድ ማለዳ አምስት ፊት የሠራ ሰው ወይ ለአምስቱም የሚበቃ የተለያየ ብሩሽ ይዞ ሄዷል፣ ወይ በየመካከሉ በአልኮል ወይም ቶሎ በሚደርቅ የብሩሽ ማጽጃ አጽድቷል፣ ወይም ሳያጸዳ ቀጥሏል። ከእነዚህ መካከል የእርስዎ የትኛው እንደነበር ደብዳቤዎ አይናገርም፤ ዝም ማለትዎም አሳስቦኛል። የከሳሽ ጠበቃ በመጀመሪያ የሚጠይቅዎት «ያን ቀን ስንት ብሩሽ ይዘው ነበር?» ብሎ እንደሆነ አይጠራጠሩ።

ሌላም ያላነሱት ነገር አለ። ደንበኛዋ የመጨረሻዋ ተሠሪ ነበረች፤ ከእርሷ በፊት የተቀመጠችው ማን ነበረች? የዚያችኛዋስ ዓይን እንዴት ነበር? ማስካራውን የቀቡት በራሱ መቀቢያ ነው ወይስ ለእያንዳንዷ አንድ ጊዜ በሚጣል መቀቢያ? አንዷን ሽፋሽፍት የነካ መቀቢያ ተመልሶ ወደ ቱቦው ከገባ ቱቦው ራሱ ሊበከል ስለሚችል፣ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ብሩሽ ቢታጠብ ችግሩን አይፈታውም። ስፖንጁስ? ስፖንጅ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ እስከ ውስጡ ማጽዳት አስቸጋሪ ነው፤ ጥንቁቅ ባለሙያ ለአንድ ፊት ተጠቅሞ ይጥለዋል። እነዚህን ጥያቄዎች ለእኔ በጽሑፍ እንዲመልሱልኝ አልፈልግም። ጠበቃ ይያዙና ለጠበቃዎ ብቻ፣ የማይመችዎትንም ጭምር ሳይሸሽጉ ይንገሩት፤ በጠበቃና በደንበኛ መካከል የሚነገር ነገር በምስጢር ይጠበቃል፤ እውነቱን የማያውቅ ጠበቃ ግን ሊከላከልልዎት አይችልም።

ከደብዳቤዎ ሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ «የጽዳት መዝገብ አዘጋጅቼ ማቅረብ እችላለሁ» ያሉት ነው። ያዘጋጁት መዝገብ ቢኖር «አለኝ» ይሉ ነበር። አልቆጣዎትም፤ በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ስሕተት ስለሆነ ግን በግልጽ ልናገር። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ክፉዎች አይደሉም። ሥራቸውን በአግባቡ እንደሠሩ ያምናሉ፤ የጎደላቸው ወረቀቱ ብቻ ይመስላቸዋል፤ በአንድ ምሽት ተቀምጠውም «ያደረግሁትን ነው የምጽፈው» እያሉ የወራት ሥራ ይሞላሉ። በአንድ ወቅት ወደ ቢሮዬ የመጣች ባለሙያ እንዲህ ያለ ደብተር ይዛ ነበር። የሦስት ወር መዝገብ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ አንድም ስርዝ ሳይኖርበት ተሞልቷል። ገጾቹ አልተጣጠፉም፤ ከአልኮልና ከፋውንዴሽን ጋር የሚውል ደብተር ደግሞ እንዲያ ንጹሕ ሊሆን አይችልም። ብሩሾቿን በሥራ ቦታዋ እንዳጸዳች ከመዘገበችባቸው ቀኖች በአንዱ ሌላ ከተማ እንደነበረች የገዛ ስልኳ ፎቶዎች ያሳያሉ። ደብተሩን ፍርድ ቤት አቅርባው ቢሆን ኖሮ ከተቃራኒው ወገን የሚቀርብ አንድ መስቀለኛ ጥያቄ ብቻ ሐሰቱን ያጋልጠው ነበር።

ወደ ኋላ የተጻፈ መዝገብ የሚያስከትለው ጉዳት ከመዝገብ አለመኖር እጅግ የከፋ ነው። መዝገብ የሌለው ባለሙያ በቃሉ ሊያስረዳ ይችላል፤ አብረውት የነበሩ ሰዎች ሊመሰክሩለት ይችላሉ፤ የአልኮል፣ የሚጣሉ መቀቢያዎችና የስፖንጅ ግዢ ደረሰኞቹም ከቃሉ ጋር ተደምረው ይመዘናሉ። ሐሰተኛ መዝገብ ያቀረበ ሰው ግን እውነት የተናገረበትም ነገር ሁሉ አይታመንለትም፤ ለወትሮው በካሳ የሚያልቀው ክርክርም ሐሰተኛ ማስረጃ በማቅረብ ወደሚያስጠይቅ የወንጀል ጉዳይ ሊሸጋገር ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የሚጽፉት ማንኛውም ነገር የዛሬን ቀን ይያዝ። ያን ማለዳ የሚያስታውሱትን መጻፍ ቢፈልጉ ይጻፉ፤ ነገር ግን በዛሬው ቀን፣ «ከትውስታዬ የተጻፈ» ብለው፣ ለጠበቃዎ ብቻ ያስረክቡት። መልእክቶችን አይሰርዙ፤ ያን ቀን የተጠቀሙበትን ማስካራና የዓይን ቀለም አይጣሉ፤ ለየብቻ አሽገው፣ ያሸጉበትን ቀን ጽፈው ያስቀምጡ እንጂ ለሌላ ደንበኛ አይጠቀሙባቸው። ማስረጃ ማጥፋትም እንደ መፍጠር ሁሉ በራስ ላይ ይመሰክራል።

የሕክምና ማስረጃውን በተመለከተ፣ ቅጂውን ሳያዩ ምንም ነገር አይቀበሉ፤ አይካዱም። ለመዋቢያ ንጥረ ነገር የሚነሣ የቆዳ አለርጂና በጀርም የሚመጣ የዓይን ልክፈት (ኢንፌክሽን) ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በሕግ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ሐኪሙ አለርጂ ነው ካለ ክርክሩ ከብሩሽ ንጽሕና ይልቅ ስለ ምርቱና አስቀድመው ስለጠየቋት ጥያቄ ይሆናል። ልክፈት ነው ካለም ከእርስዎ ብሩሽ መምጣቱ ገና አልተረጋገጠም፤ የዓይን ልክፈት በእጅ፣ በፎጣና ዓይን ውስጥ በሚደረግ ሌንስም (ኮንታክት ሌንስ) ይመጣል። የቀሩት አራቱ ደኅና ከሆኑ ይህ በከፊል ይረዳዎታል፤ ከእርሷ በፊት የተሠራችው ዓይኗ ታሞ ከነበረ ግን ያው ማስረጃ ይገለበጥብዎታል።

ለወደፊቱ፣ መዝገቡን በሥራው ሰዓት ይያዙ። ፍርድ ቤት የሚመዝንዎት አንድ ጥንቁቅ የሙያ ባልደረባዎ በቦታዎ ቢሆን ያደርግ በነበረው ነው፤ የእርስዎም መዝገብ ያንኑ ማሳየት አለበት። በመጀመሪያ በሳሙና ማጠብ ይቀድማል፤ ቅባትና የቀለም ዝቃጭ ባለበት ፀጉር ላይ አልኮል በሚገባ አይሠራምና። 70 በመቶ አልኮል ከ90 በመቶው ይመረጣል፤ ውኃ ያለበት ቶሎ ስለማይተን ጀርሙን ለመግደል ጊዜ ያገኛል። የሚገዙት ማጽጃም በመለያው ላይ ለተጻፈው ደቂቃ ያህል ብሩሹን አርጥቦ መቆየት አለበት። ብሩሹ በጎኑ ተጋድሞ ወይም ፀጉሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይድረቅ፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ውኃው ወደ ብረት አንገቱ ገብቶ ሙጫውን ያላላል፣ እርጥበትም ያቆያል። በዚያው ሰዓት የተነሣ የብሩሾቹ ፎቶ፣ የደንበኛዋ ተራ ቁጥርና ያጸዱበት ሰዓት ለአንድ መስመር ይበቃሉ። በማስታወቂያዎ ላይም «ከጀርም ሙሉ በሙሉ የጸዱ ብሩሾች» የሚል ቃል ካለ ያርሙት፤ ነገር ግን መጀመሪያ የነበረውን ማስታወቂያ ፎቶ አንሥተው ለጠበቃዎ ያስቀምጡ። ብሩሽን ማጽዳት ጀርምን ይቀንሳል እንጂ ለቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚደረገውን ያህል አያጸዳም፤ ቃል የገቡትንም እንዲፈጽሙ ይጠየቃሉ።

ለደንበኛዎ የሚመልሱት አጭር ይሁን። «ዓይንሽ መታመሙን በመስማቴ አዝኛለሁ። የሐኪሙን ማስረጃና የወጪ ደረሰኞችሽን ቅጂ ብትልኪልኝ ከሕግ አማካሪዬ ጋር ተመልክቼ እመልስልሻለሁ።» ከዚህ አይለፉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ወይም «ብሩሾቼ ምንም አልነበረባቸውም» ብለው አይጻፉ፤ ሁለቱም በኋላ ሊጠቀሱብዎት ይችላሉ። ገንዘብ ከፍለው ለመገላገል ቢወስኑም በሁለታችሁም የተፈረመ የስምምነት ሰነድ ሳይኖርና መድን ሰጪዎ ሳይፈቅድ አይክፈሉ፤ ይህችንም አጭር መልእክት ቢሆን ጠበቃዎ አንብቦት ይላክ።