ግቢ ውስጥ ያለው የመብራት ምሰሶ የማን ነው?

ወንድሜ፣ «ከፐርዝ ወጣ ብሎ የገዛሁት ግቢ ውስጥ ያረጀ የእንጨት ምሰሶ አለ፤ ኩባንያው ነው የሚቀይረው ወይስ እኔ?» ላልከው፣ የግል ምሰሶ ከሆነ አንተ ነህ። በምዕራብ አውስትራሊያ የግል ምሰሶና ሽቦ የባለንብረቱ ኃላፊነት ነው። ጥገናው ካንተው ኪስ ነው።

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ፐርዝ አጠገብ ባለችው ፓርከርቪል አንድ የግል ምሰሶ ወድቆ የተነሳው እሳት 57 ቤቶችን አወደመ። ምሰሶው የጃራ እንጨት ነበር። ጠንካራ እንጨት ነው፤ ግን ከአፈሩ በታች ፈንገስና ምስጥ ጨርሰውታል። ክሱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በ2022 አለቀ። የመብራት መስመሩ ኩባንያ ዌስተርን ፓወር 50፣ እሱ የቀጠረው ኮንትራክተር 35፣ የግቢው ባለቤት 15 ከመቶ ተጠያቂ ሆኑ። 15 ትንሽ ናት እንዳትል፣ የ57 ቤት 15 ናት!

ስለዚህ ጎንበስ ብለህ ሥሩን እይ። የምስጥ አፈር፣ ስንጥቅ ወይም ማዘንበል ካለ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጥራ። ባለሙያው በመዶሻ ሲመታው ጆሮህን ስጥ፤ እንደ ባዶ ጀሪካን ካስተጋባ ውስጡ አልቋል ማለት ነው። አንተ ግን እንዳትነቀንቀው፣ ከላይ መብራት አለ። ከቀየርከው አይቀር በብረት ቀይረው፣ ምስጥ አይበላውም።