ስለ ባሕርና ስለ ባሕር እንስሳት ጠባቂዎች፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በውቅያኖስ ጥበቃ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶችን ለዓመታት ስከታተል ስለቆየሁ፣ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ግሪንፒስ፣ ሲ ሼፐርድ፣ ኦሺያና... ይምታቱብኛል። ሁሉም አንድ ሥራ አይደለም እንዴ የሚሠሩት?

አይደለም። ግሪንፒስ በ1971 ቫንኩቨር ላይ ሲመሠረት ዓላማው የኑክሌር ሙከራን መቃወም ነበር። ወደ ዓሣ ነባሪ ጉዳይ የገባው በ1975 ነው፤ አባላቱ በትናንሽ የጎማ ጀልባዎች እየሄዱ በሶቪየት አዳኝ መርከቦችና በዓሣ ነባሪዎቹ መሐል ይቆሙ ነበር። ትልቁ መሣሪያቸው ያኔም አሁንም ካሜራ ነው። ሲ ሼፐርድን የመሠረተው ፖል ዋትሰን ከዚያው ከግሪንፒስ የወጣ ሰው ሲሆን፣ የእሱ መንገድ ባሕር ላይ ፊት ለፊት መጋፈጥ ነው። በ2001 የተቋቋመው ኦሺያና ደግሞ ሳይንቲስትና የሕግ ባለሙያ አሰልፎ መንግሥታትን ሕግ ያስለውጣል። የማይጮኽ ሥራ ስለሆነ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔ ግን ከሦስቱ ለዚህኛው አደላለሁ።

ጥያቄ፦ ሲ ሼፐርዶች የባሕር ወንበዴዎች ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2013 ከጃፓን ዓሣ ነባሪ አዳኞች ጋር በነበራቸው ግጭት የፈጸሙትን ድርጊት ውንብድና ብሎታል፤ ስለዚህ ወሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሌላውንም ታሪካቸውን ግን ስማ። በ2014 መጨረሻ በአንታርክቲካ አካባቢ ተንደር የሚባል፣ በሕገወጥ ዓሣ ማስገር ኢንተርፖል የሚፈልገውን መርከብ አገኙና 110 ቀን ሙሉ ተከተሉት። አንደኛው መርከባቸው ከኋላው አልላቀቅ ሲል፣ ሌላኛው ተንደር ጥሎት የሸሸውን መረብ ከውሃ ሲጎትት ሰነበተ፤ የመረቡ ርዝመት 72 ኪሎ ሜትር ነበር። በመጨረሻ ተንደር ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ አጠገብ መስጠም ጀመረ። አሳዳጆቹ 40ውን ሠራተኞች አዳኑ፤ ከዚያም ወደሚሰጥመው መርከብ ዘልቀው ሲገቡ፣ በሮቹ እንዳይዘጉ ታስረው አገኟቸው። የሚሰጥም መርከብ ላይ በር ይዘጋል እንጂ አይከፈትም፤ ማስረጃውን ለማጥፋት ሆን ተብሎ እንደተደረገ ግልጽ ነበር። ካፒቴኑና ሁለት መኮንኖቹ እዚያው ሳኦ ቶሜ ተከሰው ተፈረደባቸው።

ከ2016 ጀምሮ ደግሞ፣ በጋቦን ተጀምሮ፣ ከበርካታ የአፍሪካ መንግሥታት ጋር አብረው ይሠራሉ። መርከቡና መርከበኛው ከእነሱ፣ የመፈተሽና የማሰር ሥልጣኑ ከአገሩ ወታደሮች። ይኼ አካሄድ ከቀድሞው ግርግር በጣም ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ዓሣ ነባሪዎችን ከጥፋት ያዳነው ግሪንፒስ ነው ወይስ መንግሥታት?

ድምፅ የሰጡት መንግሥታት፣ እንዲሰጡ ያስገደዳቸው ደግሞ ጩኸቱ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ዓሣ ነባሪዎች ተገድለዋል። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የመንግሥታት ማኅበር ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት የሠራው ለአዳኞቹ ኮታ ማከፋፈል ነበር። በ1982 ግን በ25 ድጋፍና በ7 ተቃውሞ ለንግድ ማደን እንዲቆም ወሰነ። ኖርዌይ አልቀበልም አለች፤ ጃፓንም በ2019 ከኮሚሽኑ ወጥታ በራሷ ባሕር ማደን ቀጠለች። ያም ሆኖ ውጤቱ የሚታይ ነው፤ በደቡብ አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚመላለሰው የሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ መንጋ 450 ገደማ ደርሶ ነበር፣ ዛሬ ወደ 25,000 ተጠግቷል።

ጥያቄ፦ ታዲያ አሁን ትልቁ ጠላት ምንድን ነው? ፕላስቲክ?

መረብ። በየዓመቱ 300,000 የሚያህሉ ዓሣ ነባሪዎችና ዶልፊኖች፣ ማንም ሳይፈልጋቸው፣ ለሌላ ዓሣ በተዘረጋ መሣሪያ ተይዘው እንደሚሞቱ ይገመታል። እነዚህ እንስሳት አየር ተንፋሽ ናቸው፤ ከውሃው ሥር የተያዘ ታፍኖ ይሞታል።

ፕላስቲኩም ቢሆን ዞሮ ዞሮ እዚያው ያደርሰናል። በሰሜን ፓስፊክ ስለተከማቸው ቆሻሻ በ2018 የወጣ ጥናት፣ ከክብደቱ 46 በመቶው የዓሣ መረብ ነው አለ። ሁላችንም የምናወራው ግን ስለ መጠጫ ቀሰም ነው!

ጥያቄ፦ ለመረቡ መፍትሔ አለው?

ለአንዳንዱ አለው፣ ርካሽም ነው። ሽሪምፕ የሚያጠምደው ጎታች መረብ እንደ ረጅም ከረጢት ነው፤ ኤሊ ከገባ መውጫ የለውም። ስለዚህ በከረጢቱ አንገት ላይ የብረት ፍርግርግ አጋድመው ይገጥማሉ። ሽሪምፑ በዘንጎቹ መሐል ሾልኮ ወደ ጫፉ ያልፋል፤ ኤሊው ፍርግርጉን ገጭቶ በዘንጎቹ ላይ እየተንሸራተተ በሽፋን የተከደነ ቀዳዳ ጋ ይደርሳል፣ ሽፋኑን ገፍቶ ይወጣል። በቃ። አሜሪካ በ1989 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያለ ኤሊ ጠባቂ አሠራር ከሌላቸው አገሮች ሽሪምፕ ማስገባት ስለከለከለች፣ ፍርግርጉ በብዙ አገሮች ተሠራጨ። አጥማጁ ግን ቀዳዳውን በገመድ ሊሰፋው ይችላል፤ ሽሪምፕ ያመልጠኛል ብሎ ይሰጋል። ለዚህ ነው ፈታሽ የሌለው ሕግ ባሕር ላይ ወረቀት የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ቫኪታስ? ይኼ ሁሉ ድርጅት ተረባርቦ ለምን አልተረፈችም?

አላለቀችም ገና፣ ግን አፋፍ ላይ ናት። ቫኪታ በሜክሲኮ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ብቻ የምትኖር፣ የዶልፊን ዘመድ ናት። በ1997 ግምቱ 567 ነበር፤ አሁን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው የቀሩት። እሷን የሚፈልጋት የለም፤ የሚፈለገው ቶቶአባ የተባለው ዓሣ የአየር ከረጢት ነው፤ በቻይና ገበያ በጣም ውድ ስለሆነ ሕገወጥ መረቡ አይቆምም። በ2017 ይዞ በጥበቃ ለማራባት ሙከራ ተደርጎ አንዷ በእጃቸው ስለሞተች ተተወ። የተሻለ የሠራው ከ2022 ጀምሮ የሜክሲኮ ባሕር ኃይል የጣለው መንጠቆ ያለው የኮንክሪት ብሎክ ነው፤ መረብ የጣለ ሰው መረቡ ይያዝበታል። አሥር ዓመት ቀድሞ ቢሆን ኖሮ የት በደረሰ ነበር!

ጥያቄ፦ የዓሣ ቆርቆሮ ላይ ያለው ሰማያዊ ምልክት ይታመናል?

ከምንም ይሻላል፤ ግን ለምን እንደተሰጠ እወቂ። ሰማያዊው የባሕር አስተዳደር ምክር ቤት ምልክት ነው፤ በ1997 በተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቱ በደብልዩ ደብልዩ ኤፍና በትልቁ የምግብና የሸቀጥ ኩባንያ በዩኒሊቨር ተመሠረተ፣ አሁን ራሱን የቻለ ነው። ምልክቱን የሚለጥፉ ኩባንያዎች ስለሚከፍሉት፣ ተቺዎች ጥቅሙና ፍርዱ ተደባልቋል ይላሉ። «ለዶልፊን አስተማማኝ» የሚለው ሌላው ምልክት ደግሞ ስለ ዶልፊን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ስለ ሻርክና ኤሊ ምንም አላለም።

ጥያቄ፦ የማንም አገር ባልሆነው ባሕር ላይ ማን ያዛል?

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ፣ ለእንስሳቱ ሲባል፣ ማንም ማለት ይቻላል። ይኼ የውቅያኖሱ ሁለት ሦስተኛ ነው። ብዙ ድርጅቶች በአንድ ጥምረት ሆነው ከአሥር ዓመት በላይ ከወተወቱ በኋላ፣ በ2023 የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ጸደቀ፤ 60 አገሮች ተቀብለውት በ2026 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። አሁን በክፍት ባሕር ላይ ክልል መከለል ይቻላል። መከለል አንድ ነገር ነው፣ መጠበቅ ሌላ፤ በዚህ ረገድ ተስፋ የምጥለው እንደ ግሎባል ፊሺንግ ዎች ባሉት ላይ ነው። መርከቦች ያሉበትን ቦታ ለማሳወቅ የሚልኩትን ምልክትና የሳተላይት ምስል አጣምረው የት እንደሚያጠምዱ ለሁሉም በነፃ ያሳያሉ፤ ምልክቱን ያጠፋ መርከብም ማጥፋቱ ራሱ ያስጠረጥረዋል።

ጥያቄ፦ ገንዘብ መስጠት ብፈልግ ለማን ልስጥ?

ስም አልነግርህም፤ ግን ሦስት ነገር ጠይቃቸው። ባለፈው ዓመት የትኛው ሕግ ወይም የትኛው አሠራር በእናንተ ምክንያት ተቀየረ? ሥራው የሚሠራበት ቦታ አጥማጆች በውሳኔው ውስጥ አሉ? ያልተሳካላችሁስ ምንድን ነው? ለመጨረሻው መልስ የሌለው ድርጅት ማስታወቂያ ላይ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ በበጎ ፈቃድ ኤሊ ጥበቃ ልሄድ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ጫጩቶቹን ለፎቶ በእጅ የሚያስይዝ፣ ወይም ለጎብኚ ብሎ በባልዲ የሚያቆያቸው ቦታ ከሆነ ተመለሺ። የተፈለፈለ ኤሊ ባሕር እስኪደርስ ያለው ጉልበት የተቆጠረ ነው፣ ባልዲ ውስጥ ሲዋኝ ይጨርሰዋል። ማታ ነጭ ባትሪ አታብሪ፣ ከባሕሩ አቅጣጫ ያስታቸዋል። ደህናው ድርጅት ይህን ገና ሳትሄጂ ይነግርሻል።

ጥያቄ፦ ዳር ላይ የወጣ ዶልፊን ባገኝስ? ወደ ውሃ ልግፋው?

አትግፋው፣ በጅራቱም አትጎትተው። ታሞ ሊሆን ስለሚችል ተመልሶ ይወጣል። መጀመሪያ የአካባቢውን አዳኝ ቡድን ወይም የባሕር ጠባቂ ጥራ። እስኪመጡ ቆዳውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍን፣ ውሃ አፍስስበት፣ አናቱ ላይ ያለው ቀዳዳ መተንፈሻው ስለሆነ ግን ውሃም ጨርቅም አይንካው። ሰውና ውሻ አርቅለት።