ካርቶኑን ተዪውና የሌንሱን ቀለበት አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉሽ፤ ማታ ቤት ውስጥ በስልክሽ ስታነሻቸው ፎቶው ብዥ እያለ አስቸግሮሻል። የእጅ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ ካሜራ ፈልገሽ ሁለት ምርጫ ላይ ቆመሻል። አንደኛው 20 ሜጋፒክስል ነው፣ ዙሙ 40 ጊዜ። ሁለተኛውም ያው 20 ሜጋፒክስል ነው፣ ዙሙ ግን 3 ጊዜ እንኳ አይሞላም፤ ዋጋው ደግሞ ይበልጣል። «ዙሙ ላነሰ ካሜራ ለምን ብዙ እከፍላለሁ?» ብለሻል። ሁለተኛውን ግዢ። ምክንያቱን ግን ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ፤ እኔ እዚሁ ቦታ ላይ ተሳስቼ ዳግም የማላገኘው ነገር አምልጦኛል።

የመጀመሪያ ልጄ መራመድ ሲጀምር አዲስ ካሜራ በእጄ ነበር። ስገዛው የተመለከትኩት ካርቶኑ ላይ በትልልቁ የተጻፉትን ቁጥሮች ነው። ልጄ ከሶፋው ተነስቶ ወደ እናቱ አራት እርምጃ የሄደው ማታ፣ በአንድ አምፖል ብርሃን ነበር። ሰላሳ ያህል ፎቶ አነሳሁ። ሶፋው ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ መጋረጃውም እንዲሁ፤ የልጁ ፊት ግን በአንዱም ላይ የለም፣ እንደ ጭስ ተስቦ ነው የሚታየው። ካሜራው ብልሽት አልነበረበትም። ቀን ቀን ውጭ ሳነሳበት ዛሬም ደህና ፎቶ ይሰጠኛል። እንደዚያ ላለ ብርሃንና እንደዚያ ለሚንቀሳቀስ ልጅ አልተሠራም እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ካሜራ ሳይ መጀመሪያ የማነበው የሌንሱ ቀለበት ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ነው። እዚያ ላይ ሁለት ጥንድ ቁጥሮች ታገኛለሽ። ዙሙ 40 ጊዜ ከሆኑት አንዱ በሆነው በካኖን ኤስኤክስ 730 ላይ 4.3-172 ሚሊ ሜትር እና 3.3-6.9 ይላል። ሶኒ አርኤክስ 100 ሦስተኛው ትውልድ ላይ ደግሞ 8.8-25.7 እና 1.8-2.8 ነው። አንቺ ያየሻቸው ሌሎች ሞዴሎች ቢሆኑም ቁጥሮቻቸው ከእነዚህ ብዙ አይርቁም።

ከመጀመሪያው ጥንድ እንነሳ፤ ሌንሱ ከየት እስከ የት እንደሚያሰፋና እንደሚያቀርብ የሚናገረው እሱ ነው። «40 ጊዜ» የሚባለው 172 ለ4.3 ሲካፈል የሚመጣው ነው፤ የሌንሱ ሁለት ጫፎች ምን ያህል እንደሚራራቁ ብቻ ይነግርሻል። ሁለቱም ካሜራዎች ዙማቸው ሳይወጣ የሚያሳዩሽ ስፋት እኩል ነው፤ ሌንሶችን ለማወዳደር በሚያገለግለው በድሮው ፊልም ልክ ሲሰላ ሁለቱም 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው። ታዲያ ለአንድ ዓይነት ስፋት አንዱ 4.3፣ ሌላው 8.8 የሆነው ለምንድን ነው? ምስሉ የሚያርፍበት ሴንሰር መጠኑ ስለሚለያይ ነው። የመጀመሪያው ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ከትንሹ ጣትሽ ጥፍር ያንሳል። የሁለተኛው 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። ርዝመቱ በወርዱ ሲባዛ በስፋት ከ4 እጥፍ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩ የሴንሰሩን መጠን ባያውቅልሽ እንኳ ቀለበቱ ይነግርሻል፤ ቁጥሩ በ4 ከጀመረ ሴንሰሩ ትንሽ ነው፣ ከ8 እስከ 10 አካባቢ ከጀመረ ባለ «1 ኢንቹ» ነው። እግረ መንገዴን፣ ይህ «1 ኢንች» የሚለው ስም እንዳያሳስትሽ። በድሮ የቴሌቪዥን ካሜራዎች ውስጥ ከነበረው የመስታወት ቱቦ ውፍረት የተወረሰ ስያሜ ነው እንጂ ሴንሰሩ ከጥግ እስከ ጥግ ቢለካ 16 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው።

ሁለተኛው ጥንድ የሌንሱ አፍ ምን ያህል እንደሚከፈት ይነግርሻል፤ ኤፍ የሚባለው ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፉ ይሰፋል፣ ብዙ ብርሃንም ይገባል። 1.8 ከ3.3 ጋር ሲወዳደር ከ3 እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ይህንን ከሴንሰሩ ስፋት ጋር ስታባዢው ሁለተኛው ካሜራ ከመጀመሪያው ከ13 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። በተግባር ሲታይ፣ ሁለተኛው ካሜራ ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ ወደ 1/250 ሰከንድ አሳጥሮ የሚሮጥ ልጅን ቀጥ አድርጎ ሲያስቀርልሽ፣ የመጀመሪያው ያንኑ ጥራት ልስጥሽ ቢል ወደ 1/20 ሰከንድ መውረድ አለበት። በ1/20 ሰከንድ ውስጥ ልጅ እጁን አወዛውዞ ይጨርሳል። ካልወረደ ደግሞ አይኤስኦውን፣ ማለትም ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ይሰቅልና ፊቱ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስላል። የእኔ ሰላሳ ፎቶዎች የጠፉት በዚህ ነው።

ዙሙን ስታወጪው ነገሩ ይብሳል። የመጀመሪያው ሌንስ መጨረሻው ላይ ሲደርስ 6.9 ነው፤ መነሻው ላይ ከሚያስገባው ብርሃን ሩቡን እንኳ አያስገባም። ስለዚህ ያ ሁሉ ዙም ፀሐይ ባለበት የሚሠራ ነገር ነው። ወፍ ለማንሳት ወይም በጠራራ ቀን ሜዳ ማዶ ያለ ተጫዋችን ለማቅረብ ከሆነ የመጀመሪያው ትክክለኛ ምርጫ ነው፣ ሁለተኛው እዚያ አይደርስልሽም። የአንቺ ችግር ግን ሳሎን ውስጥ ነው። የሁለተኛው ሌንስ ዙም ጫፍ፣ ማለትም በፊልም ልክ 70 ሚሊ ሜትር፣ የፊት ፎቶ ለማንሳት የሚመች ነው፤ እዚያም ላይ 2.8 ስለሆነ አይጨልምብሽም።

አንዳንዶች «መንቀጥቀጥ የሚከላከል አለው፣ አታስቢ» ይሉሻል። የሚከላከለው የአንቺን እጅ መንቀጥቀጥ ነው፤ ልጁን አያቆመውም። ስልክሽም የሚቸገረው በዚሁ ነው። ማታ ብዙ ፎቶዎችን በተከታታይ አንስቶ አንድ ላይ ያዋህዳቸዋል፤ የቆመ ነገር ላይ ውጤቱ ያስደንቃል፣ ልጅ ላይ ግን በመሃል ስለሚንቀሳቀስ ይደበላለቃል። ቀን ቀን ስልክሽ ይበቃሻል፣ ያንን ለመተካት ካሜራ አትግዢ።

ሜጋፒክስሉን እርሺው። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ ለማሳተም 2 ሜጋፒክስል ይበቃል፤ ኤ4 ለሚያህለው 9 ገደማ።

አንድ በወረቀት ላይ የማታገኚው ነገር አለ። ካሜራውን በእጅሽ ይዘሽ የፎቶ ማንሻ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጭነሽ ያዢው፤ ፎከሱ ሲያዝ አረንጓዴ ሳጥን ይታይሻል፣ ከዚያ ጨርሰሽ ተጫኚ። ብዙ ሰው ቁልፉን አንዴ ድፍት አድርጎ ይጫንና «ካሜራው ይዘገያል» ይላል። ግማሹን አስቀድመሽ ከያዝሽ ልጁ ሲስቅ የቀረሽ የጣትሽ አንድ ግፊት ብቻ ነው። እኔ ይህንን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ያተረፈልኝ ፎቶ ግን ካሜራ ከመቀየር ይበልጣል። እየሞከርሽ ሳለ ብርሃን ወደሌለው ጥግ አዙሪው። ፎከሱ ወዲያና ወዲህ እያለ ከዘገየ ቤትሽም ማታ እንደዚያው ነው የሚሆነው። ካሜራው ጠፍቶ ሳለ አብርተሽ የመጀመሪያዋን ፎቶ እስክታነሺ ድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅም እይ።

ስትገዢው አውቶ ላይ ብቻ አትተዪው። መዘውሩን ፍጥነቱን አንቺ ወደምትወስኚበት ኤስ ላይ፣ ካኖን ከሆነ ቲቪ ላይ አድርጊና 1/250 አስቀምጪ፤ አይኤስኦውን አውቶ አድርገሽ ጣሪያውን 3200 ላይ ያዢው። ሲጨልም ፎቶው ትንሽ አሸዋ ቢኖረው ግድ የለም፣ ፊቱ ይኖራል። ፍላሹን ማታ ብዙም አልወደውም፣ ፊትን ያነጣል፤ ቀን ላይ ግን ፀሐይ ከልጁ ጀርባ ስትሆንና ፊቱ ሲጠቁር አብሪው፣ እዚያ ትንሿ ፍላሽ ትልቅ ሥራ ትሠራለች።

ዋጋው ከከበደሽ ያገለገለ ፈልጊ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው አርኤክስ 100 ያው 1 ኢንች ሴንሰር አለው። መነሻው ላይ 1.8 ነው፣ ዙሙ ሲወጣ ግን 4.9 ይደርሳል፤ ስለዚህ ማታ ዙሙን ሳታወጪ ልጁ ጋ ቅረቢ። ያገለገለ ስትገዢ ደጋግመሽ አብሪው፣ አጥፊው፤ ሌንሱ ሳይንገጫገጭ ቀጥ ብሎ መውጣትና መግባት አለበት። ኤፍ 8 ወይም 11 ላይ አድርገሽ ነጭ ግድግዳ አንሺና ፎቶውን አጉልተሽ እይ። ጥቋቁር ነጠብጣቦች ካሉ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ገብቷል። እንዲህ ዓይነት ካሜራ ሌንሱ ስለማይወልቅ ያንን ለማጽዳት መፈታት አለበት፤ እኔ ብሆን ትቼው እሄዳለሁ። ባትሪው ያበጠ ከሆነም እንዲሁ። አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ትርፍ ባትሪ ግዢ፤ በእነዚህ ትንንሽ አካላት ውስጥ የሚገቡ ባትሪዎች ቀኑን ሙሉ አይዘልቁም።

ከእኔ በፊት ጥያቄሽን የመለሰልሽ አንድ ወንድማችን ሲሲዲ የሚባል የድሮ ዓይነት ሴንሰር ያላቸውን አሮጌ ካሜራዎች መክሮሻል። የቀለማቸው ውበት እኔንም ይማርከኛል፣ ቀን ውጭ ደስ ይላሉ። ማታ ልጅ ለማንሳት ግን ከስልክሽ ይብሳሉ። ሚሞሪያቸውም ችግር አለው፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት፣ ኤስዲ የሚባለውን ካርድ የሚጠቀሙ ካሜራዎች በአብዛኛው ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ካርድ አይቀበሉም፤ በዚያ ዘመን ከነበሩት ኦሊምፐሶችና ፉጂፊልሞች ብዙዎቹ ደግሞ ኤክስዲ የሚባለውን፣ ዛሬ የማይመረተውን ካርድ ነው የሚፈልጉት።

የግድ ዙም ጨመር ያለ ያስፈልገኛል ካልሽ፣ መሃል ላይ ፓናሶኒክ ቲዜድ 100 አለ፤ ሴንሰሩ 1 ኢንች ሆኖ ዙሙ 10 ጊዜ ነው። ቀለበቱ ላይ 2.8-5.9 ይላል፤ ከሁለተኛው ምርጫሽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚቀንስ አሁን አንቺው ታሰላዋለሽ። ሪኮ ጂአር 3 ሴንሰሩ ከሁሉም ይበልጣል፣ ነገር ግን ዙምም ፍላሽም የለውም፤ ለመጀመሪያ ካሜራ አልመክርሽም።

ሁለቱን ካሜራዎች ስታገኚያቸው ቀለበታቸው ላይ ያሉትን ቁጥሮች በስልክሽ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።