ሁዳዴን የሚሻገር ሙዚቀኛ

ለሙዚቃ ልጆቼ፣

ስታገኙኝ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ዘፈን ሂት የሚሆነው በምንድን ነው?» እኔ ቤዝ ጊታሪስት ነኝ። ሂት የሆኑም፣ ማንም ሳይሰማቸው የቀሩም ዘፈኖች ላይ ተጫውቻለሁ፤ ቀረጻው ላይ ሳለን አንዱ ከሌላው አይለይም ነበር። ምስጢሩን አውቃለሁ የሚላችሁን አትመኑ። እኔ መናገር የምፈልገው ማንም ስለማይጠይቀኝ ነገር ነው፦ ዘፈኑ ሂት ሳይሆንም፣ ሆኖ ጩኸቱ ከበረደ በኋላም፣ አለቃ ሳይኖራችሁ በዚህ ሙያ እንዴት ይኖራል? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ አከራይ ግን የሚመጣው በየወሩ ነው።

መጀመሪያ የሙያችንን የዘመን አቆጣጠር እወቁ። የኛ ሙዚቀኛ ገቢ በሰርግና በጾም ነው የሚከፋፈለው። ጥር ሲገባ ሰርጉ ይጎርፋል፤ ምሳ ላይ አንድ አዳራሽ፣ ማታ ሌላ። ኪቦርዱን ከመኪና ለማውረድ እንኳ ፋታ የለም። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይያዛል፦ 55 ቀን ሰርግ የለም፣ ክለቡ ይቀዘቅዛል፣ ስልኩ ዝም ይላል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ነፍስ ይዘራል፤ ሚያዝያና ግንቦት ይሞቃል፤ ክረምት ሲገባ እንደገና ይቀንሳል፤ ነሐሴ ፍልሰታ ነው። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ኮንሰርቱና አዲስ አልበሙ ይመጣል። ይህ ዑደት ከእናንተ በፊት ነበር፤ ቲክቶክም አልቀየረውም።

ብዙ ጎበዝ ልጅ ከሙያው የወጣው ችሎታ አንሶት ሳይሆን የጥርን ገንዘብ የጥር ብቻ አድርጎ ስለበላው ነው። መጋቢት ላይ እጅ ሲያጥር መሣሪያ ይሸጣል። መሣሪያ የሸጠ ደግሞ ፋሲካ ሲመጣ የሚጫወትበት የለውም፤ ተከራይቶ ይሠራል፤ ግማሹ ለኪራይ ይሄዳል። እኛ በባንዳችን ዕቁብ ነበረን፤ በሰርግ ወቅት እየጣልን ዕጣው በጾሙ ሳምንታት እንዲወጣ ተስማምተን። ዳኛው ድራመራችን ነበር፤ በባንዱ ውስጥ ሰዓት የሚያከብር እርሱ ብቻ ስለነበር። ባንክ ይሻለኛል የምትሉ ባንክ አስቀምጡ። ብቻ ገንዘቡ ጥር ላይ ከእጃችሁ ይውጣ።

ጾሙን ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጹሙት። ተማሪ ያዙ፤ ክራርም ይሁን ጊታር ልጁን ማስተማር የሚፈልግ ወላጅ ብዙ ነው። የማስታወቂያ ሙዚቃ አለ፣ የተከታታይ ድራማ ማጀቢያ አለ፣ የመዝሙር ስቱዲዮ ሥራ አለ። «እኔ አርቲስት ነኝ፣ የሳሙና ማስታወቂያ አልሠራም» የሚል ወጣት ይገጥመኛል። አለመሥራት መብቱ ነው፤ እኔ ግን ከሳሙናው ማስታወቂያ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ሐሳብ መጨረስን ተምሬበታለሁ።

ሌላ ሥራ ያላችሁም አትፈሩ። ጋሽ ኃይሉ መርጊያን ታውቋቸዋላችሁ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ፤ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ከቀሩት አንዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ይዘው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ፤ ከዚያ ለረጅም ዓመታት ዋሽንግተን ታክሲ ነዱ። አውሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቁ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ዕቃ ማስቀመጫ አውጥተው፣ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይለማመዱ ነበር። በኋላ አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ፣ ፈልጎ ደውሎላቸው፣ ተዋውሎ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። የዓለም መድረክ ላይ ሲመለሱ ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አልበም አወጡ። ይህን ታሪክ የሚያወሩት ሁሉ ዕድል ይሉታል። ስልኩ ሲጮህ ግን ጣታቸው ዝግጁ ነበር፤ ታክሲውም ስላበላቸው ሙዚቃቸውን በችግር ዋጋ መሸጥ አላስፈለጋቸውም።

አሁን ወደ ባለቤትነት ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

በካሴት ዘመን የነበረውን አሠራር አንዳንዶቻችሁ ሰምታችኋል። ሙዚቃ ቤቱ ለዘፋኙ አንድ ጊዜ ይከፍላል፣ ባንዱ በዘፈን ተተምኖ ይከፈለዋል፣ ከዚያ በኋላ ካሴቱ ቢሸጥም ባይሸጥም የሚመለከተን ነገር አልነበረም። ውል አልነበረም ማለት ይቻላል። አንድ አሳታሚ የሠራንበትን ሥራ ስንት ጊዜ እንዳባዛው ስንጠይቀው ሻይ አዞልን ነበር፤ መልሱም ሻዩ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በአዋጁ የደራሲው መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፤ መብቱም ሥራው ሲፈጠር የሚወለድ ነው፣ ምዝገባ አይጠብቅም። ማስመዝገብ ጥሩ ነው፤ በክርክር ጊዜ ማስረጃ ይሆናል።

እናንተ ግን ሕጉን የምታፈርሱት ራሳችሁ ናችሁ። አራት ጓደኛማቾች ስቱዲዮ ገብታችሁ አንዱ ግጥም፣ አንዱ ዜማ፣ አንዱ ቅንብር ታመጣላችሁ፤ «ወንድማማች ነን» ተባብላችሁ ትለያያላችሁ። ዘፈኑ ካልተሰማ ወንድማማችነቱ ይቀጥላል። ሚሊዮን ሰው ካየው ግን ዜማውን የሠራው ማን እንደሆነ ሦስት ታሪክ ይኖረዋል። ስለዚህ በዚያው ምሽት፣ ከስቱዲዮው ሳትወጡ፣ አንድ ወረቀት ጻፉ፦ የዘፈኑ ርዕስ፣ ቀኑ፣ የእያንዳንዱ ሰው ስም በመታወቂያው እንዳለ፣ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ ከገቢው ለማን ስንት በመቶ፣ ፊርማ። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለሁላችሁም በቴሌግራም ላኩት። ሻይ ከመጠጣት ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው። የቅንብሩን ፕሮጀክት ፋይልም ቅጂ ያዙ፤ የስቱዲዮው ኮምፒውተር ሲበላሽ አብሮ የሚቀበር ሥራ ብዙ አይቻለሁ።

ሰው አዟችሁ ለምትሠሩት ደግሞ ተጠንቀቁ፤ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በስተቀር የታዘዘ ሥራ መብቱ የአዛዡ ነው ይላል ሕጉ። «ዜማው ለዚህ ማስታወቂያ ለአንድ ዓመት ብቻ ያገለግላል» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ነውር የለውም። የድሮ ዘፈን እንደገና ስትጫወቱም እንዲሁ ነው። ዘፋኙ ቢያርፍም የግጥሙና የዜማው ደራሲ ቤተሰብ አለ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። አብዛኞቹ በደስታ ይፈቅዳሉ፤ የሚያስከፋቸው ሳይጠየቁ መቅረታቸው ነው።

ኢንተርኔቱን ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ፤ የማየው ችግር ግን ያው የካሴቱ ነው። ክሊፑን ለትልቅ ቻናል ትሰጡና የእይታው ገንዘብም፣ ኮንቴንት አይዲውም (ዩቲዩብ ዘፈኑ የማን እንደሆነ የሚለይበት ሥርዓት) የቻናሉ ባለቤት ይሆናል። የራሳችሁን ቻናል ማሳደግ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ተመዝጋቢና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት እይታ ይጠይቃል፣ ወይም በሰዓቱ ፋንታ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ (የአጫጭር ቪዲዮ) እይታ። ስፖቲፋይም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በዓመት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አይከፍልም። ለሌላ ቻናል መስጠት ግድ ከሆነባችሁ ዘመኑን ወስኑ፣ ድርሻችሁን በጽሑፍ ያዙ፣ ጊዜው ሲያልቅ ሥራው ወደ እናንተ ይመለስ። ዘፈናችሁን ወደ መድረኮቹ የሚያስገባው የአከፋፋይ አካውንት በእናንተ ስምና ኢሜይል ይከፈት፤ በአጎታችሁ ልጅ ስም አይሁን። ስማችሁንም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ ምረጡለትና በየዘፈኑ አትቀያይሩት፤ ሦስት ዓይነት ከጻፋችሁት አድማጫችሁ በሦስት ሰው ይከፈላል።

ጆሯችሁን በመሰኪያ ጠብቁ፤ ከድራሙ አጠገብ የቆሙ እኩዮቼ ዛሬ ሲያወሩ ይጮሃሉ።

የመድረክ ሥራ ስትቀበሉ ቀብድ ውሰዱ። ግማሹ ቀኑ ሲያዝ፣ ቀሪው መድረክ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት። ከዘፈናችሁ በኋላ ገንዘብ ለመቀበል የምትፈልጉት ሰው ሁልጊዜ «አሁን እዚህ ነበር» ነው የሚባለው። ሽልማቱን፣ ግንባር ላይ የሚለጠፈውን፣ እንደ ክፍያ አትቁጠሩት፤ ባንድ ካላችሁ ደግሞ ክፍፍሉን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ዘፋኙ ግንባር ላይ ሲለጠፍ ቤዝ ጊታሪስቱም እያየ ነው።

ለውጭ አገር ጉዞም ያው ነው፤ አሜሪካ የኢትዮጵያውያኑ የእግር ኳስ ፌስቲቫል ሳምንትም ይሁን ዱባይ የበዓል ኮንሰርት። ስንት ምሽት እንደምትጫወቱ፣ ሆቴሉን ማን እንደሚከፍል፣ ኮንሰርቱ ቢሰረዝ ምን እንደሚሆን በውሉ ይጻፍ። ቪዛችሁ ለሥራ የሚፈቅድ ይሁን፤ በጉብኝት ቪዛ ተጫወቱ የሚላችሁ ፕሮሞተር ስትያዙ አብሯችሁ አይያዝም። ሻንጣ የምታዘጋጁት ትኬቱ ደርሶ መልስ መሆኑን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ነው።