ያበጠው ልጅ ውሃ አንሶታል ወይስ በዝቶበታል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ በከባድ የምግብ እጥረት ሆስፒታል ስለገቡ ሕፃናት

ጥያቄ፦ የ5ኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። በሕፃናት ክፍል ተረኛ በሆንኩበት ሌሊት የ18 ወር ልጅ በተቅማጥ ታሞ ገባ። ክብደቱ 6.4 ኪሎ፣ የክንዱ ዙሪያ 10.8 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱም እግሮቹ ላይ ሲጫኑት የሚጎደጉድ እብጠት አለ። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም። እጁ ግን ሞቃት ነው፣ ያለቅሳልም። ከባድ የፈሳሽ እጥረት ነው ብለን ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) በደም ሥር ከፈትንለት። ሊነጋ ሲል ትንፋሹ ፈጠነ፣ ጉበቱ አበጠ፤ ፈሳሹ ተዘግቶ ነው የተረፈው። መጠኑን በክብደቱ አስልተናል። ስህተቱ የት ላይ ነው?

መልስ፦ ስህተቱ ከስሌቱ በፊት ነው፤ ምልክቶቹ የተነበቡበት መንገድ ላይ። የተቆነጠጠ ቆዳ ቶሎ የሚመለሰው ከሥሩ ስብ ስላለ ነው። የዚህ ልጅ ስብ አልቋል፤ ውሃ ባያንሰውም ቆዳው እጥፉን ይዞ ይቆያል። ዓይንም ከኋላው ያለው ስብ ሲሟሽሽ ይጎደጉዳል። ስለዚህ ከመቆንጠጥ ይልቅ እናቱን መጠየቅ ይሻላል፦ «ዓይኑ እንዲህ የሆነው ተቅማጡ ከጀመረው ወዲህ ነው ወይስ ቀድሞም እንዲሁ ነበር? በቀን ስንት ጊዜ ያስቀምጠዋል? ውሃ ውሃውን ነው?» «ቀድሞም እንዲሁ ነበር» ካለች የዓይኑ መጎድጎድ ስለ ውሃ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ሁለተኛው ነገር የሰውነቱ አሠራር ነው። የተራበ ሰውነት ጉልበት ለመቆጠብ ብዙ ሥራውን ያቀዘቅዛል። ከሚያቀዘቅዛቸው አንዱ ሶዲየምን ከሴል እያወጣ ፖታሲየምን የሚያስገባው ፓምፕ ነው። ሶዲየም ሴል ውስጥ ይከማቻል፤ ፖታሲየም ወጥቶ በሽንትና በተቅማጥ ያልቃል። የልብ ጡንቻ ሳስቷል፣ ኩላሊትም ትርፍ ጨው ማስወጣት ተስኖታል። እግሩ ያበጠ ልጅ ደግሞ ገና ሲገባ ትርፍ ሶዲየምና ትርፍ ውሃ ይዞ ነው። በዚያ ላይ በሊትር 154 ሚሊሞል ሶዲየም ያለው ሳላይን ሲወርድበት ልቡ መግፋት ያቅተዋል፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ይመለሳል። ያያችሁት የትንፋሽ መፍጠን ይኸው ነው።

ለዚህ ልጅ የሚሆነው በአፍ ወይም በአፍንጫ ቱቦ የሚሰጥ ሪሶማል፣ ማለትም በምግብ እጥረት ለተጎዱ ልጆች ጨው ተቀንሶ የተዘጋጀ ፈሳሽ ነው። ሶዲየሙ በሊትር 45፣ ፖታሲየሙ 40 ሚሊሞል ነው፤ የተለመደው ኦ.አር.ኤስ ግን 75 እና 20 ነው። ለመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በየ30 ደቂቃው በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር፣ ለእናንተ ልጅ 32 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሰዓት በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ አንዱን ሰዓት ሪሶማል ሌላውን ሰዓት ኤፍ 75 (የመጀመሪያ ደረጃ የሕክምና ወተት) እያፈራረቁ። ኮሌራ ከተጠረጠረ ወይም ተቅማጡ በብዛት እንደ ውሃ የሚወርድ ከሆነ ግን ሪሶማል አይበቃም፤ የተለመደው ኦ.አር.ኤስ ይሰጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት ትንፋሹንና የልብ ምቱን ቆጥራችሁ ጻፉ፤ የጉበቱን ጠርዝ በጣት ፈልጋችሁ ሆዱ ላይ በእስክሪብቶ አስምሩ። ይህች መስመር ሌሊት በተረኛ ቅያሬ ጊዜ ከየትኛውም ማስታወሻ በላይ ትናገራለች። ትንፋሹ በደቂቃ በ5፣ የልብ ምቱ በ25 ከጨመረ ወይም ጉበቱ መስመሩን ካለፈ ፈሳሹ ወዲያው ይቁም።

በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጠው ሾክ ላይ (ደም ለሰውነቱ በበቂ አልደርስ ሲል) ላለ ልጅ ብቻ ነው፦ የደከመ ወይም ራሱን የሳተ፣ እጁ የቀዘቀዘ፣ እንዲሁም ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ የሚወስድ ወይም የልብ ምቱ ደካማና ፈጣን የሆነ። እነዚህ አንድ ላይ ሲገኙ በኪሎ 15 ሚሊ ሊትር በ1 ሰዓት፣ 5 በመቶ ግሉኮስ ያለው ሪንገር ላክቴት። ለ6.4 ኪሎ 96 ሚሊ ሊትር ነው፤ 84 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላይ ከ40 በመቶው ግሉኮስ 12 ሚሊ ሊትር ብትጨምሩ ልክ ይመጣል። በየ5 እስከ 10 ደቂቃው አጠገቡ ቆማችሁ ቁጠሩ። ትንፋሹና የልብ ምቱ ከቀነሱ ያው መጠን አንድ ጊዜ ይደገማል። ካልተሻለው ሴፕቲክ ሾክ (ከኢንፌክሽን የመጣ ሾክ) ነው ብላችሁ ደም እስኪመጣ በሰዓት በኪሎ 4 ሚሊ ሊትር ብቻ አስቀጥሉ። እጁ ሞቃት ሆኖ የሚያለቅሰው የእናንተ ልጅ እዚህ ውስጥ አልነበረም።

ጥያቄ፦ በኤፍ 75 ላይ ያለ ልጅ ርቦት ያለቅሳል፣ እናቱም «ጨምሩለት» ብላ ትለምናለች። ከፍ ያለ ኃይል ያለው ኤፍ 100 እያለ ለምን እናስርበዋለን?

መልስ፦ የእናቲቱ ልመና ልብ ይነካል፤ ግን ገና ባልተረጋጋ ልጅ ላይ ምግብ ማብዛት ሊገድለው ይችላል። ምግብ በአንዴ ሲበዛ የተኛው ፓምፕ ይነቃል፤ ሴል ውስጥ የተጠራቀመው ሶዲየም ወደ ደም ይፈስሳል፣ ፎስፌትና ፖታሲየም ደግሞ ወደ ሴል ይሸሻሉ። የሳሳው ልብ ሁለቱንም አይችልም። ኤፍ 75 በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪና 0.9 ግራም ፕሮቲን ብቻ የያዘው ለዚህ ነው። ኤፍ 100 ላይ ፕሮቲኑ 2.9 ግራም ይደርሳል።

መጠኑ በቀን በኪሎ 130 ሚሊ ሊትር ነው፤ እብጠቱ ፊት ድረስ ከደረሰ 100። 6.4 ኪሎ ሆኖ እግሩ ብቻ ላበጠ ልጅ 832 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በየ2 ሰዓቱ ለ12 ጊዜ ሲከፈል ወደ 70 ሚሊ ሊትር። በጡጦ ሳይሆን በስኒ ይጠጣ፤ ከታዘዘለት ሦስት አራተኛውን ካልጨረሰ ቱቦ ይግባለት።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያለው ነው። ነርስ አንድ ናት፣ እናት ደክሟት ተኝታለች፣ ሁለት ዙር ያልፋል። ሲነጋ ልጁ ቀዝቅዞ፣ ስኳሩ ወርዶ ይገኛል። በብብት ሲለካ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች የሆነ ልጅ ስኳሩም ወርዷል ብላችሁ ጀምሩ፤ እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስተኝታችሁ ከላይ ጋቢ አልብሱት። ስኳሩ በዴሲ ሊትር ከ54 ሚሊ ግራም በታች ከሆነና ልጁ ንቁ ከሆነ 50 ሚሊ ሊትር ባለ 10 በመቶ ግሉኮስ በአፍ ወይም በቱቦ ይሰጠው፤ ራሱን ከሳተ በቅድሚያ በደም ሥር በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር። በእጃችሁ ያለው 40 በመቶው ብቻ ከሆነ አንድ እጅ ግሉኮስ ለሦስት እጅ ንጹሕ የመርፌ ውሃ አድርጋችሁ አቅጥኑት።

ልጁ ርቦት ማልቀሱ ግን ጥሩ ዜና ነው። ፍላጎቱ ከተመለሰና እብጠቱ መጉደል ከጀመረ በዚያው መጠን ወደ ኤፍ 100 ወይም ወደ ፕላምፒነት (ከለውዝ የተዘጋጀ የሕክምና ምግብ) መሸጋገር ይጀመራል። ይህን ለእናቲቱ ንገሯት፤ ካልተነገራት ከጎረቤት አልጋ ብስኩት ተቀብላ ታበላዋለች።

ጥያቄ፦ ለእብጠቱ ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) ብንሰጠውስ?

መልስ፦ አይሰጥም። ሽንቱን አብዝቶ የቀረችውን ፖታሲየም ይዞበት ይሄዳል። እብጠቱ በምግቡና በፖታሲየሙ በራሱ ጊዜ ይጎድላል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ቢቀንስ አትደንግጡ፣ የወጣው ውሃ ነው። እብጠቱ ከዓይን ሽፋን የጀመረ ከሆነ ግን ሽንቱን ለፕሮቲን መርምሩ፤ ኩላሊት ሊሆን ይችላል። ታሪክ ስትወስዱ «ታናሽ ተወልዷል ወይ?» ማለትንም አትርሱ። ሐኪሟ ሲስሊ ዊልያምስ በ1930ዎቹ በዛሬዋ ጋና ይህን በሽታ ስትገልጽ የወሰደችው ክዋሺዮርኮር የሚለው የጋ ቋንቋ ቃል፣ ታናሹ ሲወለድ ከጡት የተገፋውን ልጅ ሕመም ያመለክታል።

ጥያቄ፦ ሄሞግሎቢኑ በዴሲ ሊትር 7 ግራም ነው። አይረን (ብረት) መቼ ልጀምር?

መልስ፦ አሁን አይደለም። ብረት የሚሸከመው ፕሮቲን አንሷል፤ ሳይያዝ የሚንሳፈፍ ብረት ለባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል። ኤፍ 100 ከጀመረ ከ2 ቀን በኋላ በቀን በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ይሰጠዋል፤ ፕላምፒነት የሚበላ ከሆነ ብረቱ ውስጡ ስላለ ተጨማሪ አያስፈልገውም። ደም የሚሰጠው ሄሞግሎቢኑ ከ4 በታች ሲሆን፣ ወይም ከ4 እስከ 6 ሆኖ ትንፋሹ ሲያስቸግረው ነው፦ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር፣ በ3 ሰዓት፣ በዝግታ። ደሙ ሲጀመር በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ላሲክስ አብሮ ይሰጣል፤ በዚህ ጊዜ ዓላማው ለተጨመረው ደም ልቡን ማቅለል ነው።