ሰፈራችን መልሶ ሲለማ የምንሰማው በየትኛው ደረጃ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ከአባቴ በወረስኩት ነባር ይዞታ ላይ ነው። ሰፈራችን ፈርሶ ከሥር ሱቅና ቢሮ፣ ከላይ መኖሪያ የሚሆኑ ትልልቅ ሕንፃዎች ሊሠሩበት እንደታሰበ ተነግሮን ለስብሰባ ተጠርተናል። ጎረቤቶቼ «ነገሩን ጨርሰው ነው የጠሩን» ይላሉ። በእርግጥ አልቋል?

መልስ፦ የጎረቤቶችዎ ስጋት የሚነቀፍ አይደለም፤ ሆኖም ለስብሰባ መጠራታችሁ ብቻውን ጉዳዩ ማለቁን አያሳይም። ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በግንባታ ፈቃዱ ላይ ነው፤ እዚያ ሲደረስ ግን ፈቃዱን የሚሰጠው የሕንፃ ሹም በሕንፃ ሕጉ መሠረት የሚመረምረው ንድፉ ከፕላኑ ጋር መስማማቱንና የሕንፃውን ደኅንነት ስለሆነ፣ «ሰፈሩ ይፍረስ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ያኔ አልፏል።

ጥያቄው የሚወሰነው ቀደም ብሎ፣ በፕላኑ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የመላ ከተማውን አቅጣጫ ከሚያሳየው መዋቅራዊ ፕላን በታች የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባል ያስቀምጣል፤ ቦታው ለቅይጥ አገልግሎት (ለንግድም ለመኖሪያም) መዋሉ፣ የሕንፃዎቹ ከፍታና የመንገዱ ስፋት የሚሰፍሩት በዚህኛው ላይ ነው። ፕላን ከመጽደቁ በፊትም ሕዝብ ሊወያይበት ይገባል። ስለዚህ በስብሰባው ላይ ከሁሉ አስቀድመው የሰፈራችሁ የአካባቢ ልማት ፕላን ጸድቆ እንደሆነ፣ ወይም ገና ረቂቅ እንደሆነ ይጠይቁ። ረቂቅ ከሆነ ሐሳባችሁን በጽሑፍ አስገቡ፤ በአዳራሽ የተነገረ ቃል ቃለ ጉባኤው ላይ ሳይሰፍር ሊቀር ይችላል፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ የተቀበለው ደብዳቤ ግን በኋላ ይመሰክራል።

ሰዎች ሳያውቁት የሚያልፋቸውና እኔን ዘወትር የሚያሳዝነኝ አንድ መብት አለ። የመሬት ይዞታ ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በቡድን ተደራጅተው መሬታቸውን የማልማት ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። በወንፈል እየተረዳዳ ላደገ የጎጃም ሰው መደራጀቱ እንግዳ አይሆንም፤ ከባዱ ለግንባታው የሚበቃ አቅም እንዳላችሁ ማሳየት ነው፤ ይህም የባንክ ብድርን፣ የአጋር ባለሀብትን ውልና የንድፍ ወጪን ያካትታል። በዚህ ላይ ዛሬውኑ ከጎረቤቶችዎ ጋር ይነጋገሩ።

ልቀቁ የሚል ትእዛዝ ከደረሳችሁ፣ ይኸው አዋጅ ሲወጣ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከቻ ማስገቢያ 30 ቀን ሰጥቶ ነበር። አዋጁ በ2016 ስለተሻሻለ ቀነ ገደቡን ከትእዛዙ ደብዳቤ ላይ አይታችሁ የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

በመጨረሻ ስለ እርስዎ ይዞታ፦ ካርታው አሁንም በአባትዎ ስም ከሆነ፣ የካሳ ግምትና ምትክ ቦታ ሲመጣ ወራሾች እርስ በርስ እንዳትካሰሱ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥተው ስመ ንብረቱን ከአሁኑ ያዛውሩ።