ጥያቄና መልስ፦ ለውጭ አየር መንገድ በኮንትራት መብረር

ጥያቄ፦ የቦይንግ 737 ካፒቴን ነኝ። አንድ ኤጀንሲ እስያ ላለ አየር መንገድ የ3 ዓመት ኮንትራት አቅርቦልኛል። ከመፈረሜ በፊት ምን ላጣራ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ መጀመሪያ ከማዘጋጃ ቤት ያወጡትን የልደት ማስረጃ ይመልከቱ፤ ብዙ ማመልከቻ የሚጓተተው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ መስከረም 20 ቀን 1982 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 30 ቀን 1989 ነው። በመስከረም የሚደመረው 7 ሆኖ ሳለ አስተርጓሚው 8 ደምሮ 1990 ካለ፣ ማስረጃው ከፓስፖርትዎና ከበረራ ፈቃድዎ ጋር አይገጥምም። የአያት ስምም በአንዱ ሰነድ ኖሮ በሌላው ከጎደለ አሁኑኑ ያስተካክሉ። የፈቃድዎን ትክክለኛነት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በቀጥታ ለዚያ አገር ባለሥልጣን እንዲጽፍልዎ ያመልክቱ።

ሥራዎን ቶሎ አይልቀቁ። ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ 3 መነሳትና 3 ማረፍ ካላደረጉ መንገደኛ ይዘው መብረር አይችሉም፤ በሲሙሌተር (በበረራ ማስመሰያ መሣሪያ) ማሟላት ይኖርብዎታል። ወጪው የማን እንደሆነ ይጠይቁ።

ከውሉ ውስጥ እኛን በጣም የሚያሳስበን ደመወዝ የሚጀምርበት ቀን ነው። «ከመስመር ላይ ፈተና በኋላ» (ማለትም በመደበኛ በረራ ላይ ከሚሰጠው ፈተና በኋላ) የሚል ከሆነ፣ ፈታኝ ካፒቴን እስኪገኝ ያለ ክፍያ ሆቴል ሊቀመጡ ይችላሉ። አገሩ ከገቡበት ቀን ጀምሮ እንዲሆን ይከራከሩ። የሥልጠና ዕዳው (ውሉን ቀድመው ካቋረጡ ኩባንያው የሚጠይቅዎ የሥልጠና ወጪ) በየወሩ እየቀነሰ መሄዱ፣ ኩባንያው ራሱ ውሉን ቢያቋርጥ ደግሞ የማይጠየቁበት መሆኑ በጽሑፍ ይስፈር። በጤና ምክንያት ፈቃድ ቢያጡ የሚከፍል መድንም ይጠይቁ። የዕረፍት ትኬቱ እስከ አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ ከዚያ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን ጉዞ ከራስዎ ወጪ ያስቡት።